መጀመሪያ ይታይ

የተከበራችሁ የፊልም ክበባችን አባላት፣ ውድ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የተጠየቅሁት የዓመቱን ሪፖርት እንዳቀርብ ነበር። ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን በጽሑፍ አድላችኋለች፤ ዕዳ የለብንም። የቀረውን ጊዜ ለኮሪያው ፊልም እፈልገዋለሁ።

የሁለት ሴቶችን ፍቅር የሚተርከውን አጭር ፊልም እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዚሁ አዳራሽ ስናሳይ አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ። አንድ ወዳጃችን፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ርዕሱ ከስክሪኑ ላይ ሳይጠፋ ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። መውጣት መብታቸው ነው። ኮሪደሩ ላይ ቡናቸውን ቀድተው ተቀመጡ። እኛ ፊልሙን ጨርሰን ስንወጣ ግን የአስተያየት መስጫውን ወረቀት ፊቱንም ጀርባውንም ሞልተው ተጨማሪ ወረቀት እየጠየቁ ነበር! የተዋናዮቹን አነጋገር ነቅፈዋል። መጨረሻውን ነቅፈዋል። ሙዚቃው ከታሪኩ ጋር አይሄድም ብለዋል። ፊልሙ ሙዚቃ አልነበረውም። ወጡን ሳይቀምሱ ጨው በዛበት ማለት እንዲህ ነው።

ያመሰገኑትንም አልምርም። «ደፋር ፊልም» ብለው ሁለት ቃል ጽፈው የሄዱ ብዙ ናቸው። ምኑ ነው የደፈረው? ልጅቷ ደረጃው ላይ ቆማ ስልክ ስለምትጠብቅበት ረጅም ትዕይንት የጻፈው አንድ ወጣት ብቻ ነው፤ እሱም አሰልችቶኛል ነው ያለው። ያን ወረቀት አስቀምጬዋለሁ። ልጁ አይቷል!

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እዚያው ኮሪያ፣ በፈረንጆቹ 2011፣ ኬቢኤስ የተባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን «የክለብ ቢሊቲስ ሴት ልጆች» የተሰኘ ባለ አንድ ክፍል ድራማ አቀረበ። ሴቶችን ስለሚያፈቅሩ ሴቶች ነው፤ ከአሥራዎቹ ዕድሜ እስከ አምሳዎቹ ያሉ በሦስት ትውልድ። ስሙ በ1955 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከተመሠረተው የሌዝቢያኖች ማኅበር የመጣ ነው። የተመልካቾች አስተያየት መስጫው በቁጣ ተጥለቀለቀ፤ ጣቢያውም ድራማውን በኢንተርኔት ደግሞ ማየት የሚቻልበትን አገልግሎት አቋረጠ።

እስቲ አስቡት። ያን ማታ ተኝቶ የነበረ ሰው በምን ይፍረድ? ድራማው ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ሰባኪ ሊሆን ይችላል፤ ተዋናዮቹ እንጨት ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሁሉ ለማለት ግን መጀመሪያ ይታይ! ሌላው ሰው እንዳያይ የሚያደርግ አስተያየት በእኔ ዘንድ አስተያየት አይባልም፤ በር መቆለፊያ ነው። በኮሪያ ግብረ ሰዶማዊነት ለወጣቶች ጎጂ ከሚባሉ ይዘቶች መመዘኛ የተሰረዘው በ2004 ነበር። መመዘኛው ተሰረዘ፣ ጩኸቱ ቀረ። በ2015ም ጄቲቢሲ የተባለው የኮሪያ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሁለት ሴት ተማሪዎች ሲሳሳሙ በማሳየቱ ከስርጭት ተቆጣጣሪው ማስጠንቀቂያ ደርሶታል።

ተመልካች ሲፈልግ ሌላ ነገርም ያደርጋል። በ2019 የወጣውን «ለዩንሂ» የተሰኘ የኮሪያ ፊልም የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለት ሴቶች ከብዙ ዓመታት በኋላ በጃፓኗ ኦታሩ፣ በበረዶ መካከል ይገናኛሉ፤ ብዙም አያወሩም። ያ ዝምታ ልቡን የነካው አለ፤ ፍቅሩን ሸሸገው ብሎ የሚሟገትም አለ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፣ ነገር ግን ሙግቱ ስለ ፊልሙ ነው። አድናቂዎቹ «የሙሉ ጨረቃ ቡድን» ተባብለው ተሰባሰቡለት። ዳይሬክተሩ ሊም ዴ ህዮንግም በ2021 ብሉ ድራጎን በተባለው የኮሪያ የፊልም ሽልማት የዳይሬክተርነቱንም የድርሰቱንም ሽልማት ሲወስድ፣ ፊልሙ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ፊልም መሆኑን እዚያው መድረክ ላይ ሳይሸፋፍን ተናግሯል።

የአማርኛው ጽሑፍ ከስክሪኑ ቶሎ ይጠፋል የምትሉት እውነት ነው፤ ይስተካከላል። ስለ ወንበሮቹም ሰምቻለሁ።

አሁን ለኮሚቴው የቀረበ አንድ ሐሳብ አለ፤ የቀሩት የኮሪያ ፊልሞች ከመርሐ ግብሩ ይውጡ የሚል። ከፈረሙት መካከል ያን ምሽት እዚህ ያልነበሩ አሉበት! እምነቴ አይፈቅድልኝም የሚል ሰው ይቅር፤ አከብረዋለሁ፤ አልከራከረውም። የጎረቤቱን ወንበር ግን ይዞ አይሂድ። ድምፅ የሚሰጠው ከእረፍት በኋላ ነው። እኔ ሐሳቡን እቃወማለሁ። ሐሳቡ ካለፈም የሚቀጥለውን ዝግጅት የሚመራ ሌላ ሰው ፈልጉ።