ማግኔት የማይነግረን፦ ስለ ስቴይንለስ ስቲል ዓይነቶች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ስቴይንለስ ስቲል የሚገዛ ሰው ማግኔት ይዞ መሄዱ የተለመደ ነው። ማግኔቱ ከሳበው ብረቱ ተራ ነው ተብሎ ይናቃል፤ ካልሳበው ደግሞ ዋነኛው ነው ተብሎ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ይገዛል። ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ይህ ልማድ ለምን እንደሚያሳስትና አንዱን ዓይነት ከሌላው በእርግጥ የሚለየው ምን እንደሆነ ነው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ክሮሚየም ነው። በብረት ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖር፣ ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በብረቱ ገጽ ላይ ውፍረቱ ከጥቂት ናኖሜትር የማይበልጥ ከዝገት የሚከላከል የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጥራል። ሽፋኑ ቢጫርም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይጠግናል። ሃሪ ብሬርሊ በ1913 በእንግሊዝ ሸፊልድ ከተማ ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ያቀለጠው ቅይጥ 12.8 በመቶ ያህል ክሮሚየም ነበረው፤ በዚያው ዘመን የጀርመኑ ክሩፕ ኩባንያ ተመራማሪዎች ኒኬልም የተጨመረበትን ቅይጥ አዘጋጅተዋል።

ማግኔትን የሚመለከተው ኒኬል ነው። 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል ባለው 304 በሚባለው ዓይነት ውስጥ፣ ኒኬሉ ኦስቴናይት የተባለው የአተሞች አደራደር በተራ የአየር ሙቀት ጸንቶ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ኦስቴናይትን ደግሞ ማግኔት አይስበውም። ስለዚህ ማግኔቱ የሚነግረን የአተሞቹን አደራደር እንጂ የዝገት መቋቋም አቅሙን አይደለም። 430 የተባለው ኒኬል አልባ ዓይነት ከ16 እስከ 18 በመቶ ክሮሚየም እያለው ማግኔት ይስበዋል። በአንጻሩ ከኒኬሉ ብዙው በማንጋኒዝና በናይትሮጅን የተተካበትን 201 ማግኔት አይስበውም፤ ዝገትን በመቋቋም ግን ከ304 ያንሳል። ማግኔት የያዘው ገዢ እንግዲህ 201ን እንደ 304 ይቀበላል፤ በደረቅ ቤት ውስጥ ለብዙ አገልግሎት የሚበቃውን 430 ደግሞ ይጥላል። ከዚህም አልፎ 304 ራሱ ሳይሞቅ ሲታጠፍ ወይም ሲሳብ ከፊሉ ማርቴንሳይት ወደተባለው፣ ማግኔት ወደሚስበው የአተሞች አደራደር ስለሚለወጥ፣ ከአንድ ላሜራ ተስቦ የተሠራ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ጠፍጣፋው ላይ ማግኔት ሳይዝ ጥጉ ላይ ሊይዝ ይችላል።

በ304 እና 316 በሚባለው ሌላ ዓይነት መካከል ያለው ዋና ልዩነት በ316 ውስጥ ያለው ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ሞሊብዲነም የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ጥቅሙ የሚታየው ጨው ባለበት ቦታ ነው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የኦክሳይዱን ሽፋን በአንዲት ነጥብ ላይ ሲሰብረው፣ በተፈጠረችው ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ያልቃል፣ አሲድና ክሎራይድ ይጠራቀማል፤ ጉድጓዷም ራሷን በራሷ እያፋጠነች ወደ ውስጥ ትዘልቃለች። የላሜራው ገጽ በአብዛኛው እንዳብረቀረቀ ሆኖ ውስጡ ሊበሳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያዎች ይህን ጥቃት የመቋቋም አቅምን ለማነጻጸር የክሮሚየሙን መቶኛ፣ የሞሊብዲነሙን በ3.3 ተባዝቶ፣ የናይትሮጅኑን ደግሞ በ16 ተባዝቶ ይደምራሉ። ውጤቱ ለ304 ወደ 19፣ ለ316 ወደ 25፣ ሁለት ዓይነት የአተሞች አደራደር ከተቀላቀለበት፣ ዱፕሌክስ ከሚባለው ወገን ለሆነው 2205 ደግሞ ወደ 35 ይሆናል። ስሌቱ ለማነጻጸር እንጂ ለመተንበይ የተበጀ አይደለም፤ የውሃው ሙቀትም ሆነ የገጹ ልስላሴ በውስጡ አይገቡም።

ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ ሁልጊዜ 316 እንጠቀም» የሚል አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ክሎራይድ ያለበት ውሃ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅና ብረቱ የመወጠር ጫና ሲኖርበት 304ም 316ም ሊሰነጠቁ ይችላሉ፤ 2205 እና ኒኬል አልባው 430 ይህን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማሉ። 2205 በጥንካሬም ይበልጣል፤ ቅርጹ እስከ መጨረሻው መለወጥ የሚጀምርበት ዝቅተኛ ጫና 450 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ሲሆን የ304 ከዚያ እኩሌታ በታች ነው። ሆኖም 2205 ከ300 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ቢሠራ በቀላሉ የሚሰበር እየሆነ ይሄዳል፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ፣ ሳይሰባበር የሚሠራው 304 ነው።

ስለት የሚፈልግ ሰው ግን እስካሁን በቁጥር ከጠቀስኳቸው ዓይነቶች አንዱንም አይመርጥም፤ 304 በሙቀት ሕክምና አይጠነክርምና። 1 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው 440ሲ ሮክዌል ሲ በተባለው የጥንካሬ መለኪያ ወደ 60 ይጠጋል። ይሁን እንጂ ካርቦኑ ከክሮሚየሙ ጋር ተዋህዶ ካርባይድ ወደተባለ ውህድ እየለወጠ ስለሚወስድበት፣ ከ430 ጋር እኩል ክሮሚየም እያለው በቀላሉ ይዝጋል።

ይኸው የካርቦንና የክሮሚየም ጥምረት ብየዳ ላይም ያስቸግራል። ብረቱ ከ425 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ፣ ክሮሚየም ካርባይድ ብረቱ በተገነባባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች ድንበር ላይ ይከማችና አካባቢውን ከክሮሚየም ያራቁተዋል፤ ዝገቱም ከብየዳው መስመር ጥቂት ራቅ ብሎ ይጀምራል። መፍትሔው ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ የማይበልጠውን 304ኤል ወይም 316ኤል መምረጥ ነው። ቶሎ የሚቀዘቅዝ ቀጭን ላሜራ ላይ አደጋው አነስተኛ ነው። ቀጭኑን ላሜራ የሚያስቸግረው መጣመም ነው፤ 304 ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከተራ ብረት በሦስት እጅ ገደማ ባነሰ መጠን ሲሆን፣ ሲሞቅ ደግሞ የተራ ብረትን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ብየዳው ዳር የሚታየው ሰማያዊና ቡናማ ቀለምም በአሲድ ወይም በመፈግፈግ ካልተወገደ፣ ከሥሩ ያለው ክሮሚየም የሳሳበት ንብርብር የዝገት መነሻ ይሆናል። ተራ ብረት ሲያጸዳ በዋለ የሽቦ ብሩሽ ስቴይንለስ ስቲል የሚፈገፍግ በያጅ ደግሞ የብረት ብናኝ ገጹ ላይ ይተክልበታል፤ በማግስቱ ቡናማ ነጠብጣብ ሲታይ የሚወቀሰው ግን ብረቱ ነው።

እንግዲህ ማግኔቱን ካስቀመጥን በምን እንለይ? በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ መመርመሪያ ክሮሚየምን፣ ኒኬልን፣ ሞሊብዲነምንና ማንጋኒዝን በጥቂት ሰከንዶች ስለሚያነብ 201ን ከ304፣ 304ን ከ316 በቀላሉ ይለያል። ካርቦንን ግን አያነብም፤ ስለዚህ 304 እና 304ኤል በእሱ ዘንድ አንድ ናቸው። ወፍራም ቁራጭ የሚበየድ ከሆነ ካርቦኑን በብልጭታ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ አለዚያም ኢኤን 10204 በተባለው የአውሮፓ ደንብ መሠረት 3.1 የሚል ምልክት ያለውን የፋብሪካ የፍተሻ ሰርተፊኬት ጠይቆ፣ እሱ ላይ የሰፈረው የቅልጥ ቁጥር፣ ማለትም ብረቱ የተቀለጠበትን ዙር የሚያመለክተው ቁጥር፣ ላሜራው ላይ ከታተመው ጋር አንድ መሆኑን ማየት ይገባል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።