ሳሙና የነካቸው የእንግሊዝኛ ቃላት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ በስልክ ከገቡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ጽዳት ጽዳት ይሉ ነበር። በአየር ሰዓቱ ያልጨረስኳቸውንም ጨምሬ እዚህ አስፍሬያቸዋለሁ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከቨርጂኒያ ነው የምደውለው። ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ሱፐርቫይዘሬ አንዴ ክሊን፣ አንዴ ሳኒታይዝ፣ አንዴ ዲስኢንፌክት ትለኛለች። ሁሉም ማጽዳት አይደለም እንዴ?

አይደለም እህቴ። ክሊን ቆሻሻውን ማንሳት ነው፤ በሳሙናና በውኃ አሸት፣ አበስ ማድረግ። ሳኒታይዝ የጀርሞቹን ቁጥር ለጤና ወደማያሰጋ ደረጃ ማውረድ ነው። ቃሉ የመጣው ከላቲን ሳኒታስ፣ ጤና ከሚለው ነው። ዲስኢንፌክት ደግሞ የቀሩትን ጀርሞች በኬሚካል መግደል ነው። መጀመሪያ ክሊን ካልተደረገ ኬሚካሉ ቆሻሻው ላይ ይቀራል። ጠርሙሱ ላይ "ይህን ያህል ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ" የሚል ጽሑፍ አለ፤ ረጭተሽ ወዲያው ከጠረግሽው ድካምሽ ከንቱ ነው። በነገራችን ላይ በረኪና የምንለው ከጣሊያኖቹ ቫሬኪና የወረስነው ቃል ነው። ከአሞኒያ ጋር ግን እንዳትቀላቅዪው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ከሐዋሳ። ትርጉም እሠራለሁ። አንድ ጽሑፍ ላይ "ሳኒታይዝድ ሪፖርት" የሚል ገጠመኝ። ሪፖርት ላይ አልኮል ይረጫል?

ስቱዲዮው በሳቅ የፈረሰው እዚህ ጋ ነው። ጥያቄው ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል።

እንበል አንድ ፋብሪካ ውስጥ የተጻፈው የመጀመሪያ ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ "የአንድ ሠራተኛ ሁለት ጣቶች ማሽን ውስጥ ገብተው ተቆረጡ። የማሽኑ መከለያ ከተሰበረ ወር አልፎታል። ሁለቴ ቢነገርም ያስጠገነው የለም።" ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ቆይቶ እንዲህ ሆኖ ይወጣል፦ "በሥራ ገበታ ላይ መጠነኛ የአካል ጉዳት ተከስቷል። አስፈላጊው ክትትል እየተደረገ ነው።" ውሸት አለበት? ፈልጉ፣ አታገኙም። ግን ጣት የለም፣ ማሽን የለም፣ ያ ወር የለም። ሳኒታይዝድ ማለት ይኸው ነው። ቃሉ ሁልጊዜ ወቀሳ ነው ማለት አይደለም፤ የመረጃ ሰጪው ስም ለደኅንነቱ ሲባል ከሰነድ ሲወጣም ይባላል።

እንዴት ይተርጎም? "የጸዳ ሪፖርት" ካልክ አወደስከው። በእኛ ቋንቋ የጸዳ ነገር ምስጉን ነው። እኛ ጉድ ስንደብቅ አናጥብም፤ እንሸፋፍናለን፣ እናድበሰብሳለን፣ እናለባብሳለን። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አይደል ተረቱ? እኔ ብሆን "የተለሳለሰ ሪፖርት" እላለሁ።

ዋይትዋሽን ከዚህ ጋር እንዳታምታታው። ሳኒታይዝ የሚከብደውን ያወጣል፣ ዋይትዋሽ ላዩን ይቀባዋል። ዋይትዋሽ በመጀመሪያ ትርጉሙ የግድግዳ ኖራ ነው። "በኖራ የተለሰነ መቃብር" የሚለውን ከወንጌል የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ማንም ጥፋተኛ ሳይሆን ሲቀር፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ "ዋይትዋሽ!" ብለው ይጮኻሉ።

ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። መኒ ሎንደሪንግ (ቃል በቃል የገንዘብ እጠባ፤ በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ ማስመሰል) የሚለው ከአሜሪካዊው የወንበዴ አለቃ ከአል ካፖን የልብስ ማጠቢያ ቤቶች የመጣ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ታሪኩ ያምራል፣ ማስረጃ ግን የለውም። ካፖን በ1931 የተፈረደበት ግብር ባለመክፈል ነው። ቃሉ ጋዜጣ ላይ የተለመደው ከዚያ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ፕሬዝዳንት ኒክሰንን ሥልጣን ባስለቀቀው በዋተርጌት ቅሌት ሰሞን ነው። አሜሪካ ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጋ የደነገገችውም በ1986 ነው። የእኛ አዋጅ ቁጥር 780/2005 (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ማጠቢያውን ትቶ "ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ" ብሎታል። ይረዝማል፤ ግን "አስመስሎ" የምትለው ቃል ሥራዋን ትሠራለች። "የገንዘብ እጠባ" ስንል ብሩ በእርግጥ የጸዳ ይመስላል።

(የቨርጂኒያዋ እህት እንደገና) ሆቴላችን "ፎጣዎን ደግመው ይጠቀሙ፣ ተፈጥሮን ያድኑ" የሚል ካርድ ያስቀምጣል። እንግዳው አይቶ ስቆ "ግሪንዋሽ" አለኝ።

እንግዳሽ ታሪኩን ሳያውቅ አይቀርም! ቃሉን በ1986 ያወጣው ጄይ ዌስተርቬልድ የተባለ አሜሪካዊ የአካባቢ ጥበቃ ተቆርቋሪ ነው፤ ያወጣውም ስለዚሁ የፎጣ ካርድ ሲጽፍ ነው። ሆቴሎቹ የማጠቢያ ወጪያቸውን እየቀነሱ ለተፈጥሮ አሳቢ መስለው ታዩ ነው ነገሩ። ዋይትዋሽን ወስዶ ኖራውን አረንጓዴ ቀለም አደረገው።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። "ኤትኒክ ክሌንዚንግ"፣ የዘር ማጽዳት የሚሉት አነጋገር ሁሌም ይጎረብጠኛል።

አባቴ፣ ቢጎረብጥዎ አይገርምም። ዓለም የለመደው በ1990ዎቹ የቦስኒያ ጦርነት ጊዜ ሲሆን፣ ከሰርቦ-ክሮኤሽያኛ ቃል በቃል የተተረጎመ ነው። በዓለም አቀፍ ሕግም ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ አልተደነገገም። ማጽዳት ካልን የተባረሩትን ሰዎች ምን አልናቸው? ቆሻሻ። እኔ ስጽፍ ሌላ ሰው የተናገረውን ካልጠቀስኩ በቀር አልጠቀምበትም። ገደሉ፣ አባረሩ፣ ቤታቸውን አቃጠሉ ብዬ እጽፋለሁ።

ባውድለራይዝ ምንድን ነው?

ቶማስ ባውድለር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። በ1818 ሼክስፒርን "ለቤተሰብ የሚሆን" ብሎ በ10 ቅጽ አሳተመው፤ ነውር የመሰለውን ሁሉ አውጥቶ። በማክቤዝ ቴአትር ውስጥ ባሏን ለነፍስ ግድያ የገፋፋችው ሌዲ ማክቤዝ፣ ደም የቀረ መስሏት እጇን እያሸች "አንተ የተረገመ እድፍ፣ ልቀቅ" የምትለውን ወስዶ እርግማኑን "ቀይ" በሚል ተካው። እድፉ ቀረ፣ እርግማኑ ታጠበ። ስሙ ግን "ነውር ነው ብሎ ከጽሑፍ ማውጣት" የሚል ግሥ ሆኖ ቀረለት።

አለቃዬ ስለጠፋ ዕቃ ሰብስቦን "ኮም ክሊን" አለ። እኔ በማግስቱ ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ። ተሳሳትኩ?

ወንድሜ፣ ተሳስተሃል። ኮም ክሊን "የደበቅከውን ተናገር" ማለት ነው። ከእነዚህ ሁሉ የጽዳት ቃላት ሐቀኛው እሱ ነው። ለአለቃህ ብትነግረው ይስቅልህ ይሆናል። ግን ዕቃው የት ገባ? እሱን ሳትነግረን ስልኩ ተዘጋ።