17 ዓመት ጉዞ፣ 55 ዓመት ደጅ ጥናት

ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አንዲት መርከብ እነግራችኋለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ፊላዴልፊያ ሳለሁ ለቤት ዕቃ ግዢ ወደ አይኪያ መደብር በሄድኩ ቁጥር ከመንገዱ ማዶ፣ በዴላዌር ወንዝ ላይ፣ ታስራ የቆመችው ያቺ ግዙፍ መርከብ ዓይኔን ትይዘው ነበር። አንድ ቀን ወደ አጥሩ ተጠግቼ ለረጅም ጊዜ አየኋት። በጎኗ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም እንደ ዛፍ ቅርፊት ተልጦ ይንጠለጠል ነበር፤ ሁለቱ ጭስ ማውጫዎቿ ግን ቀያቸው ወይቦ ሮዝ ቢመስልም ያኔም ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

ኤስ ኤስ ዩናይትድ ስቴትስ ትባላለች። ንድፏን ያወጣው ዊሊያም ፍራንሲስ ጊብስ ነው። ርዝመቷ 302 ሜትር የሆነው ይህች መርከብ በቨርጂኒያ ግዛት በኒውፖርት ኒውስ ተሠርታ በጁላይ 1952 የመጀመሪያ ጉዞዋን ስታደርግ፣ አትላንቲክን በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አቋርጣ በእንግሊዟ መርከብ በኩዊን ሜሪ ተይዞ የነበረውን ክብረ ወሰን በ10 ሰዓት አሻሻለች። ከወጪዋ አብዛኛውን የሸፈነው የአሜሪካ መንግሥት ነበር፤ ጦርነት ቢነሣ 14,000 ወታደሮችን እንድታጓጉዝ ታስባ ስለነበር የፍጥነቷ ልክ ለዓመታት በምስጢር ተይዟል።

ከታሪኳ ሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው የጊብስ የእሳት ፍርሃት ነው። ከፒያኖውና ከሥጋ መክተፊያው ጉማጅ በቀር በመርከቧ ውስጥ እንጨት እንዳይገባ ከለከለ፤ የላይኛውን ክፍል በአሉሚኒየም አሠራ፤ ግድግዳዎቿንም እሳት በማይበላው አስቤስቶስ አስለበጠ። በዚያ ዘመን ይህ ለተሳፋሪው ከማሰብ የመጣ ጥንቃቄ ነበር። በኋላ ግን አስቤስቶስ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ መሆኑ ታወቀ፤ በ1990ዎቹ ወደ ቱርክ፣ ከዚያም ወደ ሴቫስቶፖል ተጎትታ የውስጥ ግድግዳዎቿ ሁሉ ተነቃቅለው ወጡ። የቤት ዕቃዋማ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1984፣ በጨረታ ተሽጦ አልቆ ነበር። ከእሳት ይጠብቃት ዘንድ የለበሰችው ልብስ ራሱ ባዶዋን አስቀራት።

ከሥራ ያስወጣት የጄት አውሮፕላን ነው። መንገደኛው በሰዓታት ውስጥ ውቅያኖስ መሻገር ሲጀምር ቀን ጎደለባት፤ በኖቬምበር 1969 ለዓመታዊ ጥገና እንደገባች በዚያው ቀረች። ወደ ፊላዴልፊያ የመጣችው በ1996 ነው። የሠራችው 17 ዓመት ብቻ ሲሆን፣ በ1969 የጀመረችው ደጅ ጥናት ግን ከ55 ዓመት በላይ ዘልቋል። ሆቴል ትሆናለች፣ እንደገና ትጓዛለች፣ ሙዚየም ትሆናለች እየተባለ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። በ2011 የጊብስ የልጅ ልጅ የምትመራው ማኅበር ገዛት፤ ነገር ግን የማትንቀሳቀስ መርከብም በየቀኑ የማረፊያ ኪራይ ትከፍላለች። ከወደቡ ባለቤት ጋር በተነሣው ክርክር ፍርድ ቤቱ በ2024 ቦታውን እንድትለቅ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት የፍሎሪዳዋ ኦካሉሳ ካውንቲ ገዛቻት። ዕቅዱ በአላባማዋ ሞቢል ከአደገኛ ነገሮች ጸድታ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እንድትሰጥም፣ ዓሦች የሚጠለሉባትና ጠላቂዎች የሚጎበኟት ሰው ሠራሽ ሪፍ እንድትሆን፣ የታሪኳ ሙዚየምም በየብስ እንዲቆምላት ነው።

ብረቷ ተቆራርጦ በኪሎ ከሚሸጥ ሙሉ አካሏ ከባሕሩ ወለል ላይ ቢያርፍ እመርጣለሁ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ይሁን እንጂ ድርጊቱን ማዳን ብለው ሲጠሩት አልስማማም። ማኅበሩ ለዓመታት ገንዘብ ሲለምን፣ ባለሀብት ሲያፈላልግ የኖረው ሰዎች በመርከቧ ደርብ ላይ እንዲራመዱ እንጂ፣ የታመቀ አየር ተሸክመው እንዲጠልቁባት አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2025 በብርዱ ውስጥ ወንዙ ዳር ቆሜ ነበር። ጭስ ማውጫዎቿ ከድልድዩ ሥር እንዲያልፉ ውኃው ዝቅ የሚልበት ሰዓት ተመርጦ፣ በድልድዩ ላይ የመኪና መንገድ ተዘግቶ፣ ጎታች ጀልባዎች ይዘዋት ወረዱ። በሙከራ ጉዞዋ በሰዓት ከ38 የባሕር ማይል በላይ የሮጠችው መርከብ ያለ ጭስ፣ ያለ ሞተር ድምፅ፣ በዝግታ አለፈች። የኋለኛው ጭስ ማውጫዋ እስኪሰወርብኝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያም ድልድዩ ተከፍቶ መኪኖቹ መሄድ ጀመሩ።