አንድ ዶሜይን፣ ብዙ አካውንት፦ ኢሜይሉን ማን ይላክ?

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የማወራው አሰልቺ ስለሚመስል ነገር ነው። ደንበኛው ፓስወርዱን ረስቶ "አዲስ ላኩልኝ" ሲል ስለሚደርሰው፣ ወይም ስለማይደርሰው፣ ኢሜይል።

ነገሩ አብዛኞቻችሁ የምታውቁት ነው። ድርጅቱ ሥራውን አማዞን ክላውድ ላይ አድርጓል። መጀመሪያ አንድ አካውንት ነበር። ከዚያ ለሙከራ ሌላ ተከፈተ፣ ለማርኬቲንግ ሌላ፣ ለክፍያ ሥርዓቱ ደግሞ ሌላ። ጥሩ ነው። የአንዱ ችግር ወደ ሌላው በቀላሉ አይዛመትም፣ ወጪውም ለየብቻ ይታያል። የድርጅቱ ዶሜይን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻው ከ@ በኋላ ያለው ስም፣ ግን ያው አንድ ነው። ሁሉም በእሱ መላክ ይፈልጋል።

ያኔ መጀመሪያ የሚመጣው መፍትሔ የታወቀ ነው፦ የዋናውን አካውንት የኤስኤምቲፒ (የኢሜይል መላኪያ) ፓስወርድ በቴሌግራም መላላክ። እባካችሁ ተዉት። ማን ምን እንደላከ አይለይም። ፓስወርዱ የተቀየረ ቀን ሁሉም ሲስተም አብሮ ይቆማል። ኮታውም፣ የሚፈቀደው የኢሜይል ብዛት፣ የጋራ ስለሆነ ማርኬቲንግ የበዓል ቅናሹን ሲለቅ ኦቲፒ (የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ኮድ) የሚጠብቀው ደንበኛ ቁጭ ብሎ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ዶሜይኑን በየአካውንቱ ማረጋገጥ፣ ማለትም የእናንተ መሆኑን ማሳየት፣ ነው። አይቻልም የሚል ብዙ ሰው አለ። ይቻላል። የአማዞን የኢሜይል አገልግሎት፣ ኤስኢኤስ፣ ዶሜይኑን ስታስገቡ 3 የሲኔም ሪከርድ (አንዱን ስም ወደ ሌላ ስም የሚመራ መዝገብ) ይሰጣችኋል። ዲኤንኤሱ (የዶሜይኑ የመረጃ መዝገብ) ላይ ታስገቧቸዋላችሁ፣ ኢሜይሉ በዲኪም፣ ከዶሜይኑ መምጣቱን በሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ፣ ይፈረማል። የየአካውንቱ ሪከርድ ስሙ ስለሚለይ አይጋጭም። 4 አካውንት ካላችሁ 12 ሪከርድ ነው፣ በቃ።

ግን አንድ ነገር አስቡ። ዶሜይኑ ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠበት አካውንት በዚያ ዶሜይን ሥር ካለ ከየትኛውም አድራሻ መላክ ይችላል። የውስጥ ፈቃዱን ካላጠበባችሁ፣ ሙከራ አካውንት ላይ ያለ ጀማሪ ፕሮግራመር በሥራ አስኪያጁ አድራሻ ለደንበኛ ሁሉ ይልካል። ፊርማውም ትክክለኛ ነው። ጂሜይል በምን ይለየዋል?

ሦስተኛው መንገድ ዶሜይኑን አንድ አካውንት እንዲይዘው አድርጎ ለሌሎቹ ፈቃድ መስጠት ነው። ባለቤቱ አካውንት ዶሜይኑ ላይ አጭር ፖሊሲ ይጽፋል። የተፈቀደለት አካውንት ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይገባል፣ የተፈቀደው ድርጊት ይገባል፣ ከዚያ "ከዚህ አድራሻ ብቻ" የሚል ገደብ ይጨመራል። ማርኬቲንግ ከዜና አድራሻው እንጂ ከክፍያ አድራሻው አይልክም። ኮታውም ሂሳቡም በላኪው አካውንት ላይ ይቆጠራል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚደናቀፍባት ነገር አለች። ፖሊሲው ልክ ነው፣ ሪጅኑም (አገልግሎቱ የሚሠራበት የአማዞን አካባቢ) አንድ ነው፣ ኢሜይሉ ግን "አድራሻው አልተረጋገጠም" ተብሎ ይመለሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ላኪው አካውንት ሲልክ የባለቤቱን ዶሜይን መለያ፣ ኤአርኤኑን፣ አብሮ መጥቀስ አለበት። ካልጠቀሰ ኤስኢኤስ ዶሜይኑን የሚፈልገው ላኪው አካውንት ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ የለም። ፖሊሲውን አሥር ጊዜ ከመበርበራችሁ በፊት ይህችን እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አካውንት ይለያያል፣ ስም አይለያይም። ኤስኢኤስ ከ100 ኢሜይል 5 ያህሉ ካልደረሰ አካውንቱን ለምርመራ ሊይዘው ይችላል፤ ያልደረሰው 10 ከሞላ መላክ ሊያስቆመው ይችላል። ይህ በየአካውንቱ ነው። ጂሜይል ግን አካውንታችሁን አያውቅም። የሚያየው ዶሜይኑን ነው። ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለጂሜይል አድራሻዎች በቀን ወደ 5,000 የሚጠጋ ወይም ከዚያ በላይ የሚልክ ሁሉ ኤስፒኤፍ (በዶሜይኑ ስም መላክ የሚችሉ ሰርቨሮች ዝርዝር)፣ ዲኪምና ዲማርክ (ማረጋገጫውን ያላለፈ ኢሜይል ምን ይደረግ የሚል መመሪያ) እንዲኖረው ይጠይቃል፣ "ስፓም ነው" የሚለው ተቀባይም 0.3 በመቶ እንዳይደርስ። ቆጠራው በዋናው ዶሜይን ነው። 2,500 ከዋናው፣ 2,500 ከንዑስ ዶሜይኑ (ከዋናው ስም ፊት ቃል ተጨምሮበት ከሚሠራ ስም) ብትልኩ ተደምሮ 5,000 ነው። አካውንት በማብዛት ከዚህ ማምለጥ የለም።

ታዲያ እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ? ለየሥራው ንዑስ ዶሜይን እሰጣለሁ። ለዜና አንድ፣ ለክፍያ ማሳወቂያ አንድ። ማርኬቲንግ በራሱ አካውንት የራሱን ንዑስ ዶሜይን ብቻ ያረጋግጣል። ያኔ ዋናውን ስም በራሱ መጠቀም አይችልም፣ ፖሊሲም መጻፍ አያስፈልግም። የስም መበላሸቱም ሙሉ በሙሉ ባይቀር ይቀንሳል። ማርኬቲንጎች "ረዘመብን፣ አያምርም" ይላሉ። ይበሉ። ዋናውን ስም የግድ የሚፈልግ ሲመጣ ብቻ ወደ ፖሊሲው እሄዳለሁ።

ስለ ኤስፒኤፍ አጭር ነገር። በነባሪው አሠራር የመመለሻ አድራሻው፣ ያልደረሰ ኢሜይል የሚመለስበት፣ የአማዞን ዶሜይን ስለሆነ ኤስፒኤፍ ቢያልፍም ከእናንተ ስም ጋር አይገጥምም። ዲማርክ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም አንዱ ከገጠመ ይበቃዋል፣ ስለዚህ ዲኪሙ ያድናችኋል። የራሳችሁን የመመለሻ ዶሜይን ካስገባችሁ ግን አንድ ኤምኤክስ ሪከርድ (ለዶሜይኑ የሚመጣ ኢሜይል ወዴት እንደሚሄድ የሚናገር) ብቻ ነው የሚኖረው፣ እሱም ወደ አንድ ሪጅን ነው። ሁለት ሪጅን ከሆናችሁ ሁለት ስም አዘጋጁ።

አዲስ አካውንት ስትከፍቱም ኤስኢኤስ መጀመሪያ ሳንድቦክስ ውስጥ ነው የሚያስቀምጣችሁ፦ በ24 ሰዓት 200 ኢሜይል፣ ያውም ለተረጋገጡ አድራሻዎች ብቻ። ከዚያ ለመውጣት ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሥራው የሚጀመርበት ዋዜማ ላይ አይደለም።

ዲማርኩን "ነን" (none፣ ምንም አታድርግ) ላይ አድርጋችሁ ሪፖርቱን ለተወሰኑ ሳምንታት አንብቡ። በስማችሁ የሚልክ የረሳችሁት ሲስተም ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ይወጣል። እሱን ካስተካከላችሁ በኋላ ወደ "ኳራንቲን" (ወደ ስፓም ይግባ)፣ ከዚያ ወደ "ሪጀክት" (አትቀበል) ሂዱ። አካውንት ስትዘጉ ደግሞ ሪከርዱንም ፖሊሲውንም አብራችሁ አንሱ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው።