በኮምቦልቻ ለብስክሌት የሚቀልለውን መንገድ ስለመፈለግ

የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ የአስተዳደሩ የሥራ ኃላፊዎች፣ የሀገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንዲሁም ከፋብሪካ ፈረቃችሁ ወጥታችሁ የመጣችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ዛሬ ግንቦት 26 የዓለም የብስክሌት ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ቀን የሰየመው በ2010 ዓ.ም. ነበር። እኔ ግን የተሰጠኝን ጊዜ የብስክሌትን ጥቅም በመዘርዘር አላሳልፈውም፤ ሰው ከብስክሌት የሚርቀው ጥቅሙን ስላላወቀ ሳይሆን የሚሄድበት መንገድ ስለሚያስፈራው ነውና። ስለዚህ የምናገረው ስለ መንገዱ ነው። በኮምቦልቻ ለብስክሌት የሚቀልል መንገድ እንደ አዲስ መሠራት አያስፈልገውም፤ በየሰፈሩ ተቆራርጦ አለ። የጎደለው ማገናኛው ነው፤ ማገናኛውም የሚገኘው በእግር እየሄድን፣ እየለካንና እየመዘገብን ስንፈልገው ነው።

በመጀመሪያ ዋናው አስፋልት ለምን እንዲህ እንደከበደ እንመልከት። ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ ጎዳና፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ከሚወርደው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። የወደብ ጭነት የጫነ ተሳቢ፣ የፋብሪካ ሰርቪስ፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስና ባጃጅ ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ። ለከተማዋ እንጀራ የሆነው ይህ መገናኛነቷ ለብስክሌተኛው መከራ ሆኖበታል፤ ምክንያቱም ለእርሱ የቀረለት የመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ያ ጠርዝ ደግሞ ባጃጅ ሰው ሊያወርድ በድንገት የሚቆምበት፣ አሸዋና ጠጠር የሚከማችበት፣ ክፍት የውሃ ቦይ የሚያዋስነው ቦታ ነው።

ስለ ተሳቢ መኪና ሁላችን፣ በተለይም ልጆቻችን፣ ማወቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። የከባድ መኪና ሹፌር በግራ በኩል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በጋቢናው ቀኝ ጎን ዝቅ ብሎ ያለውን ሰው በመስታወቱ ጭምር ላያየው ይችላል። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍም የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጠርዙ ይጠጋሉ። በመታጠፊያ ላይ ከተሳቢ በስተቀኝ ቆሞ የሚጠብቅ ብስክሌተኛ ሹፌሩም ሳያየው፣ እርሱም ሳያጠፋ በጎማና በጠርዝ መካከል ሊያዝ ይችላል። ለዚህ አደጋ «ተጠንቀቁ» የሚል ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ብስክሌተኛውና ተሳቢው በአንድ ጠርዝ ላይ እንዳይገናኙ ማድረግ ያስፈልጋል። ሌላ መንገድ እንፈልግ የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተፈጥሮ አቀማመጣችን ይረዳናል። ከተማችን በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ያለች ስለሆነች ሰፊ ሜዳ አላት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከደሴም በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብስክሌት የለመዱት ሜዳ ስለሆኑ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ሐሳቡ ትክክል ነው፣ የእኛም የሸለቆ ወለል ግን ከዚያ የሚያንስ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከወለሉ ወደ ተዳፋቱ ሰፈሮች መውጣት ሲኖርብን ነው፤ ረጅም ዘመን በመንገድ ቅየሳ ሥራ ላይ ስለቆየሁ በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ እንድዘገይ ፍቀዱልኝ።

ጤነኛ አዋቂ ሰው ብዙ ሳይደክም ለረጅም ጊዜ ሊያወጣ የሚችለው ጉልበት 100 ዋት ያህል ነው። ሰውየውና ብስክሌቱ በአንድነት 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ይህ ጉልበት በሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ ፍጥነቱ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ 10 ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ወደ 4 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከእግረኛ እርምጃ በታች ይሆናል፤ በዚያ ፍጥነት ሚዛን መጠበቅ ስለሚያስቸግር አብዛኛው ሰው ወርዶ ይገፋል። አሁን 30 ሜትር ከፍ ብሎ ወዳለ ሰፈር የሚያወጡ ሁለት መንገዶች አሉ እንበል። አንደኛው ቀጥ ያለ ዳገት ሆኖ 300 ሜትር ይረዝማል፤ ሁለተኛው ተዳፋቱን እየታከከ የሚዞር ሆኖ 600 ሜትር ይረዝማል። ሒሳቡን ስትሠሩት ሁለቱም የሚወስዱት ጊዜ አንድ ነው፣ አራት ደቂቃ ተኩል ያህል። በሁለተኛው የሄደው ሰው ግን ከኮርቻው ሳይወርድ፣ ልብሱ በላብ ሳይርስ ይደርሳል። ዙሪያው 1 ኪሎ ሜትር ሆኖ ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 3 ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ጭማሪው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። እንግዲህ ለብስክሌት መንገድ ስንፈልግ አጭሩን መፈለግ ትተን ለስላሳውን እንፈልግ።

ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የስልክ ካርታ የመንገዱን ርዝመትና መታጠፊያውን ደኅና አድርጎ ያሳያል፤ ከፍታን ግን በአጭር ርቀት ላይ በበርካታ ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ለዳገት አትመኑት። ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ የሚጠቀሙበትን ውሃ የተሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሰዱ። 10 ሜትር ለክታችሁ የቱቦውን ሁለት ጫፎች በሁለቱ ነጥቦች ላይ ከመሬት በላይ ያዟቸው፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ልክ ስለሚይዝ፣ ከውሃው ልክ እስከ መሬት ያለውን ቁመት በሁለቱም ቦታ ስትለኩ ልዩነቱ የዳገቱ መጠን ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድን ሰፈር ለክቶ መጨረስ ይችላል። ከመለካታችሁ በፊት ደግሞ ወደ ገበያ የሚወጡ እናቶችን ጠይቁ፤ ጭነት የያዘ አህያ የሚነዳ ሰው በየትኛው በኩል እንደሚዞርም ተመልከቱ። ባዶ እጁን የሚሄድ እግረኛ ገደሉንም ቀጥ ብሎ ይወጣዋል፤ ሸክም ያለበት ግን የለዘበውን ዳገት አስቀድሞ አውቆታል።

የመንገዱ ንጣፍ ነገር ከዳገቱ ያነሰ ያሳስበኛል። ኮብልስቶን እጅን ያንቀጠቅጣል፤ ሰፋ ያለ ጎማ ከአስፋልቱ ትንሽ ቀነስ ባለ ንፋስ ሲነዳ ግን ይቻላል፤ በተጨማሪም መኪናን ያዘገያልና ለእኛ ወዳጅ ነው። ኮረኮንቹ በበጋ ደኅና ነው፤ በክረምት ጭቃው ያስቆማል። በእውነት የሚያስፈራው የቦይ መክደኛ ነው፤ የብረቶቹ ክፍተት ብስክሌቱ በሚሄድበት አቅጣጫ የተዘረጋ ከሆነ የፊት ጎማ ውስጡ ይገባና ሰውን በፊቱ ይተክለዋል። ብረቱን አዙሮ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም።

ወደ ማገናኛዎቹ ልምጣ። የውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችን የሚቆራረጡት በሦስት ምክንያቶች ነው፤ ወይ ዋናው አስፋልት ያቋርጣቸዋል፣ ወይ ወንዝና ጎርፍ መውረጃ ይለያቸዋል፣ ወይም በአጥር ይዘጋሉ። አስፋልቱን በተመለከተ፣ ብስክሌተኛው ከተሳቢ ጎን ለጎን ረጅም ርቀት ከሚሄድ ይልቅ አንድ ጊዜ፣ በጥሩ ቦታ፣ በቀጥታ ቢያቋርጠው እጅግ ይሻለዋል። ጥሩ ቦታ የምለው ከኩርባና ከዳገት ጫፍ የራቀ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ሩቅ የሚያሳይ ቦታን ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የቤት መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ሹፌሩ አደጋውን ካየበት ቅጽበት ጀምሮ እስኪቆም 28 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ በ30 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን የዚያ ግማሽ ያህል ይበቃዋል። ጭነት የያዘ ተሳቢ ከዚህም የረዘመ ርቀት ያስፈልገዋል። በ2012 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተካሄደው የመንገድ ደኅንነት የሚኒስትሮች ጉባኤ፣ እግረኛና ብስክሌተኛ ከመኪና ጋር በሚቀላቀሉበት አካባቢ የፍጥነት ወሰኑ 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ያሳሰበው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ በምንመርጣቸው ማቋረጫዎች ላይ የፍጥነት መገደቢያ ጉብታና ጎልቶ የሚታይ የሜዳ አህያ መስመር እንዲኖር እንጠይቃለን። በወንዞቹና በጎርፍ መውረጃዎቹ ላይ ደግሞ መኪና የማያልፍበት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ድልድይ ይበቃናል፤ ስፋቱ ከዚያ በላይ እንዲሆን አልመክርም፣ ሰፍቶ ባጃጅ ከገባበት ጸጥታው ያበቃልና።

አንድ ጉዳይ ግን በቅየሳ አይለካም፤ እኔም ይበልጥ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን ከሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በመኪና ግፊት በኩል የቀለለ መንገድ ጭር ያለና ጨለማ ከሆነ፣ ማታ ከፈረቃ ለምትወጣ ልጅ የከበደ መንገድ ነው። መንገዱን የምንመርጥ ወንዶች ብቻ ከሆንን ይህን ሳናይ እናልፋለን። እያንዳንዱ የታሰበ መንገድ በቀንም በማታም፣ የፈረቃ መውጫ ሰዓት ላይም፣ ሴቶች ባሉበት ቡድን መታየት አለበት፤ እነርሱ «በዚህ አልሄድም» ካሉ መንገዱ የቱን ያህል ሜዳ ቢሆን ከዝርዝሩ ይውጣ። ከኋላ አጥር ይልቅ ሱቅና መኖሪያ ቤት በሚያይበት ጎዳና ማለፍ፣ መንገዱ ትንሽ ቢረዝምም፣ የሚመረጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

በብስክሌት ወደ ደሴ ስለመውጣት የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። ለስፖርት ይሁን፤ ለዕለት ሥራ ግን ወደ ደሴ የሚያወጣውን የዶሮ መዝለያን ዳገት በጠባብ ኩርባ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ መውጣትን አልመክርም። ብስክሌቱን በአውቶቡስ ጭኖ መሄድ ይሻላል። ስትወርዱም ፍሬን ይዛችሁ አትቆዩ፤ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ፣ የጋለ ፍሬን መያዙን ያቆማልና።

ለአስተዳደሩ ኃላፊዎች የምለው፣ ጥያቄያችን ከመንግሥት ዕቅድ ውጭ አለመሆኑን ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል፤ እግረኛና ብስክሌተኛ በከተሞቻችን ቦታ እንዲያገኙ የሚል ነው። አገራችን በብስክሌት ታሪክ አልባ አይደለችም፤ በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት ተወዳድረዋል፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በውድድሩ የተደሰትነውን ያህል፣ በብስክሌቱ እንጀራውን ለሚያመላልሰው ሰው አላሰብንለትም። የምንጠይቃችሁ አዲስ አስፋልት አይደለም፤ የተመረጡት ማገናኛዎች በኮብልስቶን በተደራጁ ወጣቶች እንዲሠሩ፣ ክፍት ቦዮች እንዲከደኑ፣ የጨለሙት መታጠፊያዎች መብራት እንዲያገኙ፣ በመናኸሪያውና በፋብሪካዎቹ በር ብስክሌት የሚታሰርበት ብረትና ጥበቃ እንዲኖር ብቻ ነው።

የልኬቱን ሥራ በመጪው እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንጀምራለን። በየሰፈሩ የሚወጣው ቡድን መምህር፣ የሰፈሩን መተላለፊያ የሚያውቅ ነዋሪና ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩት፤ ሜትር፣ የውሃ ቱቦ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ። ዳገቱን፣ ንጣፉን፣ የተቆረጠበትን ቦታና የቆረጠውን ነገር ጻፉ። ሐምሌ ላይ፣ ከከባድ ዝናብ ማግስት፣ በዚያው መንገድ እንደገና ሄደን ውሃ የተኛበትን እናወጣለን፤ ሁለቱንም መዝገብ በአንድ ካርታ ላይ አስፍረን ለከተማ አስተዳደሩ የምናስረክበው ከዚያ በኋላ ነው። ስማችሁን ስትወጡ በሩ አጠገብ ለተቀመጡት ተማሪዎች አስመዝግቡ።

አመሰግናለሁ።