የተጻፈው ደመወዝና እጅ የሚገባው ደመወዝ

ለሂሳብና ለፋይናንስ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ የድርጅታችሁን ሂሳብ እስከ ሳንቲም ድረስ ታስታርቃላችሁ። የአዲስ ቅጥር ደብዳቤ ሲመጣላችሁ ግን ብዙዎቻችሁ አንድ ቁጥር ብቻ አይታችሁ ትፈርማላችሁ። ስለ ደመወዝ ድርድር እንድናገር ስትጋብዙኝ ስሌት ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነው። ድርድሩ ቀጣሪው ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት፣ ቤታችሁ ውስጥ በወረቀት ላይ መጀመር አለበት።

ከግብሩ እንነሳ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያውን 2,000 ብር የወር ገቢ ከግብር ነጻ አድርጓል። ከዚያ ወዲያ ማስከፈያው በ15፣ በ20፣ በ25 እና በ30 ከመቶ እየወጣ ይሄድና ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ 35 ከመቶ ይደርሳል። ገቢው ከ14,000 ብር ለሚበልጥ ሰው አቋራጩ ስሌት ቀላል ነው፤ ገቢውን በ0.35 አባዝቶ 2,050 ብር መቀነስ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 ከመቶ ለጡረታ ይቆረጣል። ቀጣሪው በበኩሉ 11 ከመቶ ይጨምራል።

አሁን 20,000 ብር የሚከፈለው ሰው 26,000 ብር የሚል ደብዳቤ ደረሰው እንበል። በወረቀቱ ላይ ጭማሪው 30 ከመቶ ነው። በ20,000 ብር ላይ ግብሩ 4,950፣ ጡረታው 1,400 ነው፤ እጁ የሚገባው 13,650 ብር። በ26,000 ብር ላይ ግብሩ 7,050፣ ጡረታው 1,820 ይሆንና 17,130 ብር ይቀረዋል። 6,000 ብር ተጨመረልኝ ያለው ሰው ኪሱ የሚገባው 3,480 ብር ነው ማለት ነው። በዚህ የደመወዝ ደረጃ ላይ ከሚጨመረው ከእያንዳንዱ 1,000 ብር 35 ከመቶ ግብርና 7 ከመቶ ጡረታ ሲወጣለት እጅ የሚደርሰው 580 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ በወር 5,000 ብር የተጣራ ጭማሪ የሚፈልግ ሰው 5,000ን ለ0.58 አካፍሎ ወደ 8,600 ብር የሚጠጋ ጭማሪ መጠየቅ አለበት። ይህን ቁጥር ሳያውቅ የገባ ሰው ገና ሳይናገር ከሚያስፈልገው በታች ወርዷል።

ከዚያ የሥራ ቦታው ለውጥ የሚያመጣውን ወጪ ቀንሱ። በሰርቪስ ስትመላለሱ ቆይታችሁ አዲሱ መሥሪያ ቤት ሰርቪስ ከሌለው፣ ወይም ሁለት ታክሲ የሚጨምር ከሆነ፣ በቀን 60 ብር ተጨማሪ ወጪ በ22 የሥራ ቀናት 1,320 ብር ነው። 3,480 ያልነው ወደ 2,160 ወረደ። የቀድሞው ድርጅት ምሳ በቅናሽ የሚያቀርብ ክበብ ካለው፣ ወይም የቤተሰብ ሕክምና የሚሸፍን ከሆነ፣ እሱንም ጻፉ።

ባንክ ውስጥ ለምትሠሩት ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ነገር አለ፤ የሠራተኛ ብድር። ብዙ ባንኮች ለሠራተኞቻቸው የቤትና የመኪና ብድር በአነስተኛ ወለድ ይሰጣሉ። ሠራተኛው ሲለቅ ግን ቀሪው ዕዳ ለሌላው ደንበኛ በሚታሰበው ከፍተኛ ወለድ ይታሰባል፣ አለዚያም በአጭር ጊዜ ተጠናቆ እንዲከፈል ይጠየቃል። ለስሌት ያህል፣ 2,000,000 ብር ቀሪ ዕዳ ያለበት ሰው ወለዱ ከ7 ወደ 17 ከመቶ ቢወጣበት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ 200,000 ብር ተጨማሪ ወለድ ይመጣበታል። በወር 16,600 ብር ገደማ ነው። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ብቻ ከ28,000 ብር የሚበልጥ የደመወዝ ጭማሪ ያስፈልገዋል፤ ለኑሮው ገና ምንም አልተጨመረለትም። የብድር ውላችሁን አውጥታችሁ “ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ሲለቅ” የሚለውን አንቀጽ አንብቡ። አዲሱ ቀጣሪ ባንክ ከሆነ ብድሩን ሊረከብ ይችል እንደሆነ፣ ከስንት ወር አገልግሎት በኋላ እንደሚፈቅድና የብድሩ ጣሪያ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ ድርጅት የሙከራ ጊዜ እንዳለቀ ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ ዓመታት ያስጠብቃል። የሥልጠና ግዴታ የፈረመ ሰውም ቀሪውን የአገልግሎት ጊዜና የሚመለሰውን ገንዘብ ከአሁኑ ይወቅ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚለው አባባል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስለኛል። ከፈረሙና መልቀቂያ ካስገቡ በኋላ የተገኘ የብድር አንቀጽ ለድርድር አይሆንም።

ሌላው ቀጣሪው ገንዘቡን የሚከፋፍልበት መንገድ ነው። “ደመወዝ 20,000፣ የቤት አበል 6,000” የሚል ደብዳቤ እና “ደመወዝ 26,000” የሚል ደብዳቤ ድምራቸው አንድ ነው፤ ውጤታቸው ግን ይለያያል። በመጀመሪያው ጡረታ የሚቆረጠው ከ20,000 ላይ ስለሆነ በየወሩ 420 ብር ተጨማሪ እጃችሁ ይገባል። ብዙዎች ይህን አይተው ይደሰታሉ። ነገር ግን ጡረታ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። በመቶኛ የሚሰጥ ዓመታዊ ጭማሪና “የሁለት ወር ደመወዝ” እየተባለ የሚታደል ቦነስም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በዚያው ነው። ቀጣሪው በበኩሉ በአበሉ ላይ 11 ከመቶ ጡረታ ከማዋጣት ይድናል፤ በ6,000 ብር ላይ 660 ብር ነው። በእኔ እምነት ወጣት ባለሙያ መሠረታዊ ደመወዙ እንዲያድግ መታገል አለበት። አበል ድርጅቱ መመሪያ በቀየረ ቀን ሊነሳ ይችላል፤ የውል ደመወዝን ግን ያለ ሠራተኛው ስምምነት መቀነስ ቀላል አይደለም። የትራንስፖርት አበልን ብቻ ለይታችሁ እዩት፤ በመመሪያ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ከግብር ነጻ ስለሆነ ቀጣሪው መሠረታዊ ደመወዙን አልነካም ካለ ሁለተኛው ጥያቄያችሁ እሱ ይሁን።

የገበያውን ዋጋ ለማወቅ በሪፖርተር ጋዜጣ፣ በኢትዮጆብስ ድረ ገጽና በቴሌግራም የሥራ ገጾች የሚወጡትን ማስታወቂያዎች ተከታተሉ፤ ደመወዝ የሚገልጹት ጥቂቶች ቢሆኑም አቅጣጫ ያሳያሉ። ከዚያ የሚሻለው በተመሳሳይ የሥራ መደብ ላይ ያሉ ሰዎችን መጠየቅ ነው። ስትጠይቁ “ስንት ታገኛለህ?” አትበሉ። መልሱ ኔት (ተቆራጩ ወጥቶለት እጅ የሚገባው) ይሁን ግሮስ (ተቆራጭ ሳይወጣለት)፣ ቦነስ ይጨምር አይጨምር አይታወቅም። “መሠረታዊው ስንት ነው? አበሉስ?” ብላችሁ ለዩት።

ማስታወቂያው የሚጠቀምበት ቃልም ይናገራል። “በስምምነት” ካለ በጀት አለ፣ ወሰኑም ይነካል። “በድርጅቱ ስኬል መሠረት”፣ ማለትም በተወሰነ የደመወዝ ሰንጠረዥ፣ ካለ በብር መከራከር ብዙ አያራምድም፤ እዚያ የሚያዋጣው ደረጃውንና እርከኑን መደራደር ነው። የስድስት ዓመት ልምድ ያለው ሰው መነሻ እርከን ላይ ከተቀመጠ “ልምዴ በእርከን አልተያዘልኝም” ብሎ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎቹን ማቅረብ ይችላል፤ የሰው ሀብት ክፍሉም መመሪያውን ሳይጥስ ሊያስተካክለው የሚችለው ይህን ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደግሞ ደመወዙ በደረጃ የተቆረጠ ስለሆነ የድርድር በር የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ንግግሩ እንምጣ። ቃለ መጠይቅ ላይ “ስንት ትጠብቃለህ?” ሲባል ቀድሞ ቁጥር የሚጠራ ሰው ራሱን ያስራል። “የሥራ መደቡ የተያዘለትን ወሰን ቢነግሩኝ በዚያ ላይ ተመሥርቼ መልስ እሰጥዎታለሁ” ማለት ጨዋነት ያለው መልስ ነው። ከተጫኑ አንድ ቁጥር ስጡ። “ከ25 እስከ 30 ሺህ” ያለ ሰው ቀጣሪው የሚሰማለት 25ቱን ብቻ ነው። ያሁኑን ደመወዛችሁን ከጠየቁ አትዋሹ። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ደመወዙና ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይጻፋል፤ ውሸቱ የሚጋለጠው ደግሞ አሮጌውን ሥራ ከለቀቃችሁ በኋላ ነው።

ደብዳቤው ሲደርሳችሁ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ጊዜ ጠይቁ፤ ይህን ያህል የሚከለክል ቀጣሪ ብዙ አይደለም። ከዚያ ስሌቱን ይዛችሁ እንዲህ በሉ፦ “ስለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ፣ ሥራውን ፈልጌዋለሁ። የቀረበልኝን ካሁኑ ገቢዬ ጋር ሳሰላው እጄ የሚገባው ልዩነት ትራንስፖርቱ ሲወጣለት 2,160 ብር ነው። መሠረታዊው 30,000 ቢሆንልኝ ዛሬውኑ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ።” ይህን ብላችሁ ዝም በሉ። የእኛ ሰው ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን ከጠራ በኋላ ይሉኝታ ይይዘውና “ካልሆነም ግን ችግር የለም” ብሎ ራሱ ያፈርሰዋል። አንዳንዱ ደግሞ የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ ይዘረዝራል። ኑሮ መክበዱን ቀጣሪው ያውቃል፤ የሚከፍለው ግን ለሥራው ነው። የምታመጡለትን ንገሩት፦ በአይ ኤፍ አር ኤስ (በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ) ሪፖርት አዘጋጅታችሁ እንደሆነ፣ የውጭ ኦዲተር ያለ ከባድ ማሻሻያ የተቀበለው ሂሳብ ዘግታችሁ እንደሆነ፣ የትኛውን የሂሳብ ሶፍትዌር እንደምትችሉ።

“ከሙከራ ጊዜ በኋላ እናስተካክላለን” የሚል መልስ ከመጣ ተቀበሉት፤ በጽሑፍ ግን ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ውሉ ላይ መጠኑና የሚጀምርበት ቀን ይስፈር። “እንደ አፈጻጸሙ ይታያል” የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስገድድም። ቃል የገባላችሁ ሥራ አስኪያጅ በሦስት ወር ውስጥ ሊቀየር ይችላል።

የሥራ መሪ ሆናችሁ የምትቀጠሩ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። ይኸው አዋጅ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። ስለዚህ አዋጁ ለሠራተኛ የሚሰጠውን የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜና የሥራ ስንብት ክፍያ በአዋጁ መሠረት መጠየቅ አትችሉም፤ ውላችሁ ላይ መጻፍ አለበት። ሂሳብ በሚዘጋበት ወር እስከ ምሽት የሚቆይ አንድ ሲኒየር አካውንታንት “የፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ” ተብሎ 5,000 ብር ሲጨመርለት፣ ያጣው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከተጨመረለት ሊበልጥ ይችላል። ማዕረጉ ደስ ይላል፤ ስሌቱን ግን ሥሩ። ውሉ ላይ ቢያንስ የማስጠንቀቂያ ጊዜና ሲሰናበቱ የሚከፈለው መጠን እንዲገባ ጠይቁ።

የዓመት ፈቃድም ይደራደሩበታል። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ ለየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይሰጣል። ሰባት ዓመት አገልግሎ 19 ቀን የደረሰ ሰው አዲስ ቦታ ሲገባ ወደ 16 ይመለሳል። ደመወዙ አልነቃነቅ ሲል ቀኖቹ እንዲጠበቁለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ለቀጣሪው ቀላል ጥያቄ ነው።

በመጨረሻ ጊዜውን እንይ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የባንኮችና የብዙ ድርጅቶች ቦነስ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ግንቦት ላይ የለቀቀ ሰው የአስር ወር ድካሙን ቦነስ ትቶ ሊሄድ ይችላል፤ የድርጅታችሁ መመሪያ በክፍያው ቀን በሥራ ላይ መገኘትን ይጠይቅ እንደሆነ አጣሩ። አዲሱ ቀጣሪ መጠበቅ ካልቻለ የሚቀርባችሁን መጠን ነግራችሁ በአንድ ጊዜ ክፍያ እንዲተካ ጠይቁ። አምስት ዓመት ሊሞላችሁ ጥቂት የቀራችሁም ልብ በሉ፤ የሥልጠና ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ አምስት ዓመት አገልግሎ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። አራት ዓመት ከአስር ወር ላይ የሚለቅ ሰው ያንን ያጣል።

“በሳምንት ውስጥ ጀምር” የሚል ቀጣሪ ያጋጥማል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ሳይሰጥ ከሄደ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል፣ ክሊራንሱም (ከዕዳና ከንብረት ነጻ መሆኑን የሚያሳየው ማረጋገጫ) ይጓተትበታል። የመጀመሪያ ቀናችሁን በዚህ አስልታችሁ ንገሯቸው፤ መልቀቂያችሁን የምታስገቡት ግን የሁለቱም ወገን ፊርማና ማህተም ያለበት ውል እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው። በስልክ የተነገረ ደመወዝ፣ በኢሜይል የመጣ “እንኳን ደስ አለህ” ውል አይደለም።

የስሌት ወረቀቶቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ጊዜ በእነሱ ላይ እንሥራበት፤ ከባንክ ብድር ጥያቄዎች እንጀምር።