መጀመሪያ አሳዩአቸው

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ የትንንሽ ልጆች የስፖርት መምህራን፣ በተለይ በእንግዳ መምህርነት ወደ ሰው አገር ለመሄድ የምትሰናዱ፣ እንደምን ዋላችሁ?

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ፊት ቆሜያለሁ። ቋንቋቸውን አላውቅም። የክፍላቸው መምህርት እያስተረጎመችልኝ የጨዋታውን ሕግ ማስረዳት ጀመርኩ። እኔ ስናገር፣ እሷ ስትተረጉም ግማሾቹ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፣ ግማሾቹ ሮጠው ሄዱ። ንግግሬን ተውኩና በአንድ እግሬ ቆምኩ። አንዲት ልጅ አየችኝና እሷም ቆመች። ከዚያ ጎኗ ያለው። ትንሽ ቆይቶ ሜዳው ሙሉ በአንድ እግሩ ይንገዳገድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ አሳያለሁ፣ ቃሉ በኋላ ይመጣል። ማሳየትም ግን ዘዴ አለው። ፊት ለፊታቸው ሆናችሁ ቀኝ እጃችሁን ስታነሱ ትንንሽ ልጆች እንደ መስታወት ግራቸውን ያነሳሉ። ስለዚህ ቀኛቸውን ከፈለጋችሁ እናንተ ግራችሁን አንሱ። ፀሐይዋ ደግሞ በእናንተ ፊት ትሁን እንጂ በልጆቹ ዓይን አትግባ።

ከቋንቋቸው ቀድማችሁ የምትይዙት ስማቸውን ነው፤ በትክክል፣ እነሱ እንደሚጠሩት። ቀጥሎ «ቁም»፣ «ውሃ»፣ «የት ጋ ነው ያመመህ?»። የመጨረሻውን በምልክት ብቻ አትመኑት፤ የወደቀ ልጅ በሚገባው ቃል ሊጠየቅ ይገባዋል። ልጅ ሲገለባበጥ በእጅ ነክቶ መደገፍ በዚያ አገር ይፈቀድ እንደሆነም ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። «የተነካ ይውጣ» የሚባለውን ጨዋታ እባካችሁ ተዉት። ቀድሞ የሚወጣው ማነው? ሩጫውን ገና ያልቻለው ነው። ልምምዱ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ዳር ተቀምጦ ሌሎቹን ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከዚያች 60 ደቂቃ ላይ እኛው መምህራን መቀነስ የለብንም። የተነካው አምስት ጊዜ ዘሎ ይመለስ። በቃ።

ኳስ ሲወረወርለት ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን የሚያዞር ልጅም ሰነፍ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ቀለል ያለ ሻሽ ወደ ላይ እወረውርለታለሁ። ሻሹ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ዓይኑ ይከተለዋል፣ እጁም ይደርስበታል። ከዚያ ትልቅና ለስላሳ ኳስ። መጀመሪያ ደረቱ ላይ አቅፎ ይይዛታል፤ ቆይቶ በእጁ ብቻ ይቀልባታል። አንድ ልጅ እዚህ እስኪደርስ ሳምንታት ጠበቅኩ። የቀለባት ቀን ኳሷን ይዞ ሜዳውን ዞረ፤ መልሶ አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ እንግዶች ነን፣ እንሄዳለን። ስለዚህ የክፍሉ መምህር ዳር ቆሞ እንዲያይ አታድርጉ፤ አብሮ ይሩጥ፣ ያስተምር። ይዛችሁት በምትመለሱት ዕቃ ላይ ብቻ የቆመ ትምህርትም አታዘጋጁ።

በመጨረሻው ቀን ፊሽካውን ለዚያች መምህርት ሰጥቼ ከልጆቹ ጋር ተሰለፍኩ። ፊታችን ቆማ ግራ እጇን አነሳች። ልጆቹ በሙሉ ቀኛቸውን አነሱ።

አመሰግናለሁ።